ከሐዘንተኛ ራስ ላይ የወረደው ድንኳን

አንድ ከንቲባ ነበረ። ቆይ ደምሰው፣ አታቋርጠኝ። «አባ፣ ከንቲባው ለድጋፍ ሰልፋቸው የእድራችንን ድንኳን ላኩልኝ ብለዋል፤ ለአንድ ቀን ብናውሳቸው ምን አለበት?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? መልሱን ነው የምነግርህ።

ይህ ሰው ትልቅ ከተማ ይገዛ ነበር። መንገድ አስፍቷል፣ አደባባይ አሳምሯል፤ ይህን አልክድም። ግን ለአበባ መናፈሻ ብሎ የአንድን ሰፈር ሐኪም ቤት አፈረሰ። ሰዎቹ «ምትኩስ?» ሲሉት «በቅርቡ» አላቸው። ሲደግሙበት የልማት ጠላቶች አላቸው። ከዚያ ከተማው ጠበበው መሰለኝ፣ የአገሩ ገዥ መሆን አማረው።

በዚያ ሰፈር አንድ ግንበኛ ይኖር ነበር። ሚስቱን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሩቁ ሐኪም ቤት ሲሮጡ መንገድ ላይ ከነጽንሷ ሞተች። የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ፣ ተቀበረች፣ ድንኳኑ ተተከለ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ቀን ከሌት ያወርደዋል። የግንበኛው ቤት አንዲት ክፍል ስለነበረች ከድንኳኑ ሌላ ለቅሶ መቀመጫ አልነበረውም።

በማግስቱ የከንቲባው ሰዎች መጡ። የአገሩን ገዥ የሚመርጡት ሽማግሌዎች ከተማውን ሊጎበኙ ነውና ለድጋፍ ሰልፉ ድንኳኑን አምጡ አሉ። ማዘጋጃ ቤቱ ድንኳን ቸግሮት እንዳይመስልህ! መጋዘን ሙሉ ነበረው። የእድር ስም የተጻፈበት ድንኳን አደባባይ ላይ ሲታይ ግን ሕዝቡ ራሱ ወድዶ የወጣ ይመስላል፤ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። የእድሩ ዳኛ መጀመሪያ «ኧረ ለቅሶ ላይ ነን» አለ። «ለግማሽ ቀን እኮ ነው፤ የሐኪም ቤታችሁንም ነገር እናስታውስላችኋለን» አሉት። ዳኛው ራሱን አከክ አከክ አደረገና ካስማውን አስነቀለ። ወይ ጉድ! ከሐዘንተኛ ራስ ላይ! ለቀስተኛው አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ዝናቡ ወረደበት።

ግንበኛው አልተሳደበም። ምን ብሎ ይሳደብ? ለሚስቱ ሊያደርግላት የቀረው ያቺን ሦስት ቀን ለቅሶ መቀመጥ ብቻ ነበር፤ እሷንም ነጠቁት። ነጠላውን አዘቅዝቆ እንደለበሰ ተነሥቶ ድንኳኑ የሄደበትን ተከተለ፤ ጎረቤቶቹም ተከተሉት። አደባባዩ ላይ ሲደርሱ ድንኳናቸው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ለቅሶ የተቀመጠን ሰው ማን ደፍሮ ያስነሣል? መንገደኛውም የተዘቀዘቀ ነጠላ ሲያይ ልማዱ ነውና «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ ገብቶ ይቀመጥ ጀመር። ለሰልፉ የተከፈተውን ሙዚቃ አንዱ አፍሮ አጠፋው።

ከንቲባው ሽማግሌዎቹን አስከትሎ መጣ። እንግዶቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እንደ ወጉ ገብተው ተቀመጡ። አንደኛው ወደ ከንቲባው ጠጋ ብሎ «ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለው።

አላውቅም ቢል ምን ነበረበት? ሰውየው ግን ሹመት ፍለጋ ላይ ነው። ፊቱን አጨፈገገ፣ መሐረብ አወጣ፣ ብድግም ብሎ «ከተማችን ታላቅ እናቷን አጣች። እኚህ አዛውንት ዕድሜ ጠግበው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ እኔንም እንደ ልጃቸው መርቀውኝ ነው ያረፉት» ብሎ ተናገረ። ይህን ሳወራ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ግንበኛው ቀና አለ።

«ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር» አለ። «የልጅ ልጅ አላየችም። ልጇንም አላየችም። ምጥ ይዟት ተሸክመናት ያለፍነው እርስዎ አበባ ባስተከሉበት በኩል ነው፤ እዚያ ሐኪም ቤት ነበረን።»

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው፣ ግንበኛውን አንድ በአንድ እየጨበጡ «እግዜር ያጥናህ» ብለውት ወጡ። ከንቲባውን ዘወር ብሎ ያየው አልነበረም።

ሹመቱን አገኘ አላገኘ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። እንዲህ ያለ ሰው ከተማ ሲሰጡት ሐኪም ቤት ካፈረሰ፣ አገር ሲሰጡት ምን እንደሚያፈርስ አንተው አስበው። ግን ደምሰው፣ የተቆጣሁት በእሱ ብቻ እንዳይመስልህ። ሐኪም ቤቱን ያፈረሰው ከንቲባው ነው። ካስማውን ያስነቀለው ግን የእድሩ ዳኛ ነው፤ ሟቿን የሚያውቃት፣ ቀብሯ ላይ የቆመ፣ እንደ አንተ ያለ ደግ ሰው። ዛሬ በሰፈርህ የሞተ ስለሌለ ነገሩ ቀልሎህ ነው የጠየቅኸኝ። ነገ ጥዋት ጥሩምባው ቢነፋስ? ሐዘንተኛውን ዝናብ ላይ አስቀምጠህ ከከንቲባው ደጅ ልትጠና ነው? ድንኳኑ የሐዘንተኛው ነው እንጂ ያንተ አይደለም። ዳኛ አድርገው የመረጡህ እንድትጠብቅላቸው ነው፤ ሂድና ለከንቲባው ሰዎች ይህንኑ ንገራቸው።