ጋቢው እስኪደርቅ

ተረቴ መጣ፣ ዝናብ እየጠጣ፤ ጃንጥላ ያለው ይዘርጋ።

በፈረንጅ አገር ብርድ ሲመጣ ሰው በበረዶ ላይ ሊንሸራተት ይሄዳል አሉ። የእኛ እድርተኞች ግን በነሐሴ ዶፍ ደሴን ሊያዩ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ለመንሸራተቱ ጭቃው አላነሳቸውም። ቀድመው የተንሸራተቱት ሰብሳቢው ጋሽ ወርቅነህ ናቸው፤ ጋቢያቸው ታጥቦ ባረፉበት ሆቴል በረንዳ ተሰጣ።

ከእድርተኞቹ አንዷ ማንጠግቦሽ ግን የመጣችው ከተማ ልታይ አልነበረም። ታላቅ እኅቷ እትዬ ዘርፌ እዚያው ደሴ ናቸው፤ በእናታቸው ተዝካር ላይ በተነሳ ነገር ከተኳረፉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። የእናት ልጅ ኩርፊያ አንጀት ይበላል። አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳል፤ የምትፈልገው አንዲት በር ማንኳኳት ብቻ ነበር። ግን የተጣላ ሰው ያለ ሽማግሌ እንዴት ይሄዳል?

«እባካችሁ አስታርቁኝ» አለች እድርተኞቹን።

«ያለ ሰብሳቢያችንማ አንሄድም» አሉ።

ወደ ሰብሳቢው ሄደች። «ጋሼ፣ እድርተኞቹ ያለ እርስዎ አንሄድም አሉ፤ ይነሱልኝ።»

«ልጄ፣ ሽማግሌ ያለ ጋቢ ለእርቅ ይወጣል እንዴ? ይድረቅና።»

ወደ ጋቢው ሄደች። «ጋሼ ያለ ጋቢ አልወጣም አሉ፤ እድርተኞቹ ያለ ጋሼ አንሄድም አሉ፤ ጋቢዬ፣ ድረቅልኝ።»

«ፀሐይ ሳትወጣ እንዴት ብዬ?» አለ ጋቢው፣ ጠብ ጠብ እያለ።

ፀሐይን ለመነች። «ጋቢው ያለ ፀሐይ አልደርቅም አለ፤ ጋሼ ያለ ጋቢ አልወጣም አሉ፤ እድርተኞቹ ያለ ጋሼ አንሄድም አሉ፤ ፀሐይዬ፣ ውጪልኝ።»

«ደመናው ከፊቴ ዘወር ይበላ!»

ደመናው ጦሳ ተራራ ላይ ተጋድሟል። «ፀሐይ ያለ ደመናው ፈቃድ አልወጣም አለች፤ ጋቢው ያለ ፀሐይ አልደርቅም አለ፤ ጋሼ ያለ ጋቢ አልወጣም አሉ፤ እድርተኞቹ ያለ ጋሼ አንሄድም አሉ፤ ደመናዬ፣ ሂድልኝ።»

«ነፋስ ካልገፋኝ ንቅንቅ አልልም» አለ። ሰነፍ!

ማንጠግቦሽ ጃንጥላዋን ይዛ ነፋስ ፍለጋ በጭቃው ወረደች። እግሯ ወዴት እንደሚወስዳት ያወቀችም ያላወቀችም ትመስል ነበር። ነፋሱን አንድ ግቢ ጥግ ተኝቶ አገኘችው። «ደመናው ያለ ነፋስ አልሄድም አለ፤ ፀሐይ ያለ ደመናው ፈቃድ አልወጣም አለች፤ ጋቢው ያለ ፀሐይ አልደርቅም አለ፤ ጋሼ ያለ ጋቢ አልወጣም አሉ፤ እድርተኞቹ ያለ ጋሼ አንሄድም አሉ፤ ተነሳልኝ።»

«እኔ የምነሳው ይህ በር ሲከፈት ነው» አለ ነፋሱ።

ቀና ብትል የእትዬ ዘርፌ በር ነው። ሽማግሌ የለ፣ ጋቢ የለ። ብትመለስ ደግሞ አውቶቡሱ ይነሳል፤ ሌላ ስድስት ዓመት ማን ዋስ ይሆናታል? አንኳኳች።

«እመቤቴ ካልከፈቱኝ አልከፈትም» አለ በሩ።

«ማነው?» አለ ድምፅ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ሽማግሌ ይዘሽ ነው?»

«የለም። ብቻዬን ነኝ።»

«ለሽማግሌማ አልከፍትም ነበር» አሉ እትዬ ዘርፌ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ።

እትዬ በሩን ከፈቱ፤ በሩ ነፋሱን ቀሰቀሰ፤ ነፋሱ ደመናውን ገፋ፤ ደመናው ፀሐይን ለቀቀ፤ ፀሐይ ጋቢውን አደረቀች፤ ጋቢው ጋሼን አስነሳ፤ ጋሼ እድርተኞቹን አስከትለው ከች አሉ። ሁለቱ እኅትማማቾች የበሩ ደፍ ላይ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ደረሱ።

ጋሽ ወርቅነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለእርቅ ነበር የመጣነው።»

«እኛማ ታርቀናል» አሉ እትዬ ዘርፌ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «እናንተ ግቡና ከብርዱ ታረቁ።»