ካፒቴኑን ያልጣመው ወጥ

ካፒቴን ዘርጋው ኩራተኛ የመርከብ አዛዥ ነበር። ከምግብ ትራፊ በቀር አንዳች ነገር ወደ ባሕር የጣለ መርከበኛ ከሥራው እንደሚባረር አውጆ ነበር። ምግብ አብሳዩን ደግሞ ዓይኑ ሊያየው አይወድም፤ ማባረሪያ ሰበብ ይፈልግለት ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ መርከበኞቹ ሁሉ ባሉበት፣ ወጡን ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄ ምግብ አይደለም!» ብሎ ጮኸ። «ድስቱን አንሳና አሁኑኑ ባሕር ውስጥ ድፋው!»

ምግብ አብሳዩ ድስቱን ታቅፎ እስከ መርከቧ ጠርዝ ሄደና ዞር አለ።

«ጌታዬ፣ ግራ ገባኝ» አለ። «ምግብ ካልሆነ፣ ልድፋው ብል ሕግዎ ያባርረኛል። ምግብ ከሆነም የተፈቀደልኝ ትራፊው ብቻ ነው። እስቲ ቁጭ ብለው ይብሉልኝ፤ የተረፈዎትን እደፋዋለሁ።»