ድጋፉን ከአልጋ ሥር የደበቀው ግንበኛ

አንድ ግንበኛ ነበረ፤ ስሙ ዘርጋው ይባላል። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የመጣ ስለሆነ አንዳንዱ ነገር ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። የታመመው የቀኝ ዳሌው ይሁን የግራው እንኳ በእርግጥ አይታወቅም። ዋናው ነገር ግን እንዲህ ነው።

ዘርጋው ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከምና መሰላል ሲወጣ ኖሮ ዳሌው ከዳው። ሐኪሞች በትናንሽ ቀዳዳዎች ቀጭን መሣሪያ አስገብተው በመገጣጠሚያው ውስጥ የተቀደደውን ሰፉለት። ከሆስፒታል ሲወጣ ሕሙማንን መራመድ የምታለማምደው ባለሙያ ሁለት ክራንች ሰጠችው።

«ጋሼ፣ ቆዳው ቶሎ ይድናል፤ እሱ እንዳያታልልዎት» አለችው። «ውስጡ ገና ነው። እኔ ይበቃል እስክልዎት ድረስ ሙሉ ክብደትዎን እግሩ ላይ እንዳይጥሉ። ሲነሡም ክራንቹን ይዘው፣ ቀስ ብለው።»

«እሺ የኔ ልጅ» አላት። እሺ ማለትስ ምን ያስቸግራል?

ቤቱ ከገባ በኋላ ጠያቂ ጎረፈ። የመጣው ሁሉ ቁስሉን ማየት ይፈልጋል፤ ሲያሳያቸው ምስር የምታህል ጠባሳ ናት።

«ለዚህች ነው እንዴ አልጋ የያዝከው?» አለ አንድ ጎረቤቱ። «እኔ እሾህ ወግቶኝ ከዚህ የሰፋ ቀዳዳ ይዤ እርሻ ውያለሁ።»

ቤቱ ሳቀ። ዘርጋውም አብሮ ሳቀ፤ ነገሩ ግን ከሆዱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ ክራንቹን ወደ አልጋው ሥር መግፋት ጀመረ። ሚስቱ የሻረግ «ኧረ ተው» ስትለው «ሕመሙ እኮ ለቆኛል» ይላታል። እውነትም ለቆት ነበር፤ ያሳሳተውም እሱ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ልጁን ምንታምርን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ተነገረው። ዘርጋው ጨነቀው። ሽማግሌ ተቀምጦ መቀበል በአገሩ ነውር ነው፤ በክራንች ተንጠልጥሎ መነሣት ደግሞ ለልጁ ስም የማይበጅ መሰለው።

«እንደታመምክ ያውቃሉ። ተቀምጠህ ብትቀበላቸው ማን ይቀየምሃል?» አለችው የሻረግ።

«ዛሬ ዝም ብለው ይወጡና ነገ አንካሳው አማታችን ይሉኛል። ተይኝ።»

ሽማግሌዎቹ ደጅ ሲደርሱ ክራንቹ አልጋ ሥር ነበር። ከፊት የገቡት ባሻ ውቤ ናቸው፤ ቤታቸውን የሠራላቸው ራሱ ዘርጋው ነው። «ኖር» ብሎ ብድግ አለ። ባሻ «በእግዜር» ብለው ሳይጨርሱ ዳሌው ውስጥ አንድ ነገር ሲላቀቅ ተሰማው። ወዲያው እንግዶቹ እግር ሥር ወደቀ።

አንሥተው አልጋው ላይ አስተኙት። የሻረግ ጎንበስ ብላ ክራንቹን ጎትታ አወጣች። ባሻ አዩት፤ ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ዘርጋው፣ የቤቴን ጣሪያ አርማታ የሞላህ ጊዜ የለመንኩህ ትዝ ይልሃል?»

«ትዝ ይለኛል፣ ባሻ።»

«ላዩ ደርቋል፣ ረግጬም አይቻለሁ፣ እንግዳ ስላለብኝ ይህን የእንጨት ጫካ ከሥሩ አንሣልኝ አልኩህ። አንተ ምን አልከኝ?»

ዘርጋው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ላዩ ደረቀ ማለት ውስጡ ጠና ማለት አይደለም አልኩዎት።»

«ሌላም ብለሃል።»

«ድጋፉን ዛሬ የሚያነሣ ሰው ነገ ጣሪያውን ከወለል ላይ ይለቅማል አልኩዎት።»

«ያን ዕለት ተቀይሜህ ነበር፤ ግን ሰማሁህ። ጣሪያው ይኸው ዛሬም ከአናቴ በላይ ነው።» ባሻ ክራንቹን አንሥተው ከራስጌው አስደገፉት። «እኛ የመጣነው ልጅህን ልንጠይቅ እንጂ አንተን ቆመህ ልናይ አይደለም። ሠርጉም ቢሆን አባቷ እስኪጠና ይቆይ።»

ዘርጋው ወደ ሆስፒታል ተመለሰ። የተሰፋው ተላቅቆ ስለነበር ዳግመኛ ተሰፋለት። ባለሙያዋ አልተቆጣችውም፤ ክራንቹን አስይዛ ከመጀመሪያው ጀመረችለት። በዚህኛው ጊዜ ጠያቂ ቢመጣም ባይመጣም ክራንቹ ከአጠገቡ አልተለየም። ዳሌው ግን እንደ ፊቱ አልሆነም፤ መሰላል ላይ ዳግመኛ አልወጣም።

የቁስል ማነስ የጉዳት ማነስ አይደለም፤ የሕመም መልቀቅም መዳን አይደለም። ድጋፍ መያዝ ሰውን አያሳፍርም፤ ያለ ጊዜው መጣሉ ግን የማይመለስ ነገር ይወስዳል። ግንበኛው ለሰው ጣሪያ የሚያውቀውን ለገዛ አጥንቱ የረሳው ዕውቀት አጥሮት አይደለም፤ የሰው ዓይን ፈርቶ ነው። አንባቢ ሆይ፣ አንተስ ሰው እንዳያይብህ ከአልጋ ሥር የገፋኸው ድጋፍ ይኖር ይሆን?

ስለ ዘርጋው የመጨረሻው ወሬ የተሰማው በምንታምር ሠርግ ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም። ያን ዕለት ሙሽሮቹ ጉልበቱን ስመው ከተነሡ በኋላ ባሻ ውቤ ከዳሱ በር ላይ ብቅ አሉ። ዘርጋው በመጀመሪያ ክራንቹን ያዘ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ክብደቱን በክራንቹ ላይ አድርጎ መነሣት ጀመረ። ባሻ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ «ኖር» አላቸው።

«በእግዜር» አሉና ገቡ።