አቁመው የገነቡት ድንጋይ

አንድ ሰው አንድ ድንጋይ ይዞ መጣ።

ስሙን አልነግራችሁም። ይቅርታ ጠይቋል፣ ይቅርም ተብሏል፤ ይቅር የተባለ ሰው ስም እዚህ ቆሜ አላነሣም። ባለድንጋዩ እንበለው። ነገሩ የሆነው ቀድሞ ባገለገልኩበት ደብር ነው፤ ስለዚህ እርስ በርሳችሁ አትተያዩ። ወደ እናንተም እመጣለሁ፣ አትቸኩሉ።

ያ ቤተ ክርስቲያን ያለው ተዳፋት ላይ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ እየተሸረሸረ፣ የግቢው ግማሽ ወደ ታች ሊሄድ ደረሰ። ከታች ደግሞ ቤት አለ፤ የእትዬ ዘርትሁን ቤት። ባል የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው፣ ጥጥ ፈትለው የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ተዳፋቱ ቢናድ መጀመሪያ የሚያገኘው እርሳቸውን ነው። ስለዚህ የድጋፍ ግንብ ይሠራ ተባለ።

ግንቡ ለምን ተጀመረ? ለጌጥ ነው? አይደለም። ለእትዬ ዘርትሁን ነው። ይህን ያዙልኝ፤ እኛ ቶሎ ረስተነዋልና።

ሕዝቡ ሊሳለም ሲመጣ አንድ አንድ ድንጋይ ተሸክሞ መምጣት ጀመረ። ሽማግሌው በትከሻው፣ ሴቷ በጀርባዋ፣ ተማሪው በጋሪ። በሁለት ወር ውስጥ በግቢው መርገጫ ጠፋ።

ግንበኛው ጋሽ ደምለው ይባላሉ። አንድ ቀን ስመጣ ድንጋዩን ሦስት ቦታ እየከመሩ አገኘኋቸው።

«ምን እየሠሩ ነው፣ ጋሽ ደምለው?»

«እየለየሁ ነዋ፣ መምህር።»

«ምኑ ይለያል? ሁሉም ድንጋይ አይደል?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ጤፍም ባቄላም እህል ነው። ለእንጀራ ባቄላ ያስፈጫሉ?»

እርሳቸው አንዴ ተነክተዋል፣ አላቆሙም። ወደ መጀመሪያው ክምር ወሰዱኝና አንድ ጥቁር ድንጋይ በመዶሻ ነካ አደረጉት። ጮኸ።

«ይኼ ከእሳት የመጣ ነው። ከምድር ሆድ ቀልጦ ወጥቶ የረጋ። እነዚህ ቀዳዳዎች ሲፈላ አየር ያመለጠባቸው ናቸው። ውጭ ወጥቶ ቶሎ የበረደው እንዲህ ደቃቅ ይሆናል። እዚያው ከመሬት በታች ሆኖ ቀስ እያለ የበረደው ደግሞ ፍሬ ፍሬ ያወጣል፣ እንደ ጨው ያብለጨልጫል።»

ሁለተኛውን ክምር አሳዩኝ። «ይኼ ውሃ ያነጠፈው ነው። አሸዋ፣ ጭቃ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሲተኛ፣ የላዩ የታቹን ሲጫነው፣ የጠነከረ። ንብርብሩን አዩት? ተኝቶ ነው ያደገው።»

ሦስተኛው ክምር ትንሽ ነበር። «ይኼ ደግሞ ድሮ ከሁለቱ አንዱ ነበር። ተራራ ተጫነው፣ ከሥር ትኩሳት አገኘው፣ ሳይቀልጥ ሌላ ሆነ። እብነ በረድ የምትሉት እኮ የኖራ ድንጋይ ነበር።»

እኔ ምን ብዬ ብጠይቅ ጥሩ ነው? ማስተማር ሥራዬ ነው፤ ለጥያቄ አላንስም። «ታዲያ የቱ ይበልጣል?» አልኩ።

ጋሽ ደምለው መዶሻቸውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «መምህር፣ ስለ መብለጥ ማን አወራ? እኔ የት ይቀመጥ ነው ያልኩት!»

የት ይቀመጥ ነው ያልኩት። ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ያን ቀን ብንሰማው ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ ታሪክ አይኖርም ነበር።

ባለድንጋዩ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ድንጋዩን ከትውልድ አገሩ በአይሱዙ አስጭኖ አመጣው፤ ስምንት ሰው አወረደው። ሮዝ የመሰለ፣ ፊቱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ፣ የአባቱ ስም በትልልቅ ፊደል የተቀረጸበት። እኛም ከበን አደነቅን። ከታች፣ ከመሠረቱ፣ መሀል ለመሀል፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ እንዲቆምለት ፈለገ።

ጋሽ ደምለው በመዶሻ ነካ አደረጉት። አልጮኸም። ከኪሳቸው ሎሚ አውጥተው ጠብ አደረጉበት፤ አረፋ አወጣ። ጎኑን በጣታቸው ዳሰሱና ትንሽ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አሳዩት።

«ውሃ ያነጠፈው ነው» አሉ። «ያምራል። ለላይኛው ረድፍ፣ ጎርፍ ለማይነካው ቦታ ግሩም ነው። ለበር መቃንም ይጠረባል። ከታች፣ ጎርፉ የሚወርድበት ቦይ አጠገብ ግን አይሆንም፤ ውሃ ሲጠጣ ይላላል። ሲገነባ ደግሞ እንዳደገው ተኝቶ ነው። ከቆመ፣ የላዩ ሲጫነው ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ይገለጣል።»

«ከተኛማ የአባቴ ስም የት ይታያል?»

«አይታይም።»

ሰውዬው ፊቱ ቀላ። «የአገሬን ድንጋይ ጭቃ ነው እያልከኝ ነው? አገሬ እኮ ደጋ ነው! ባሕርና ቀንድ አውጣ ከየት መጣ?»

«ስንት ዘመን እንደሆነ የፈጠረው ያውቃል እንጂ፣ ባሕር ነበር።»

«እሺ፣ እንዲጠነክር ምን ይደረግ?»

«ተራራ ይጫኑበት፤ ከሥሩ ያንድዱበት፤ ከዚያ ይጠብቁ።»

«እስከ መቼ?»

«እርስዎም እኔም አንደርስበትም።»

ይኼ ቀልድ ነበር። ሰውዬው ግን ቀልድ አልሰማም፣ ንቀት ነው የሰማው። ስለ ድንጋይ ሲነገረው ስለ አባቱ የተነገረ መሰለው። «እዚህ ደብር ሁለተኛ እግሬ አይረግጥም!» ብሎ ወጣ።

የሕንፃ ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ሰባት ነበርን። ጋሽ ደምለው ትክክል መሆናቸውን ያላወቀ አንድም አልነበረም። ሊቀ መንበሩ ግን፣ «እንዴ! ሰው ከሚቀየም ድንጋይ ቢቆም ምን አለበት?» አለ። ሰውዬው ተሰሚ ነው፤ እርሱን ማስቀየም ከበደን። እጅ ይውጣ ተባለ። ሰባት እጅ ወጣ።

በድንጋይ ላይ ድምፅ ሰጠን! እስቲ ንገሩኝ፣ ድንጋይ በድምፅ ብልጫ ይጠነክራል? ውሃስ ቃለ ጉባኤ ያነባል? ያን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጽሑፌ ያምራል፤ እስከ ዛሬ መዝገብ ቤት ውስጥ አለ።

ጋሽ ደምለው፣ «እኔ አልገነባውም» ብለው ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። ሌላ ግንበኛ አመጣን፤ «እሺ» የሚል። ድንጋዩ ቆመ። ግንቡም አለቀና በዕልልታ ተመረቀ።

የመጀመሪያው ክረምት አለፈ። «አያችሁ?» ተባባልን።

በሁለተኛው ክረምት እትዬ ዘርትሁን ወደ ጽሕፈት ቤቱ መጡ። «ልጆቼ፣ ከግንቡ ነጭ ውሃ ይወርዳል። ሆዱም ነፍቷል።» እናየዋለን አልናቸው። በሳምንቱ ተመለሱ። እናየዋለን አልናቸው። ማን አየው? ማንም።

ይልቅ የሆነውን ስሙ። ነጩን ውሃ አንዷ አየችና ጠበል ፈለቀ አለች! በሦስት ቀን ውስጥ የእትዬ ዘርትሁን ጓሮ በጀሪካን ተሞላ። አሮጊቷ መሀል ቆመው ይጮሃሉ፦ «ኧረ እናንተ ሰዎች! ይኼ የድንጋዩ ኖራ ነው! ግንቡ እየፈረሰ ነው!» አንዷ ወጣት ምን ብትላቸው ጥሩ ነው? «እማማ፣ እምነት ቢኖርዎት እንዲህ አይሉም።»

እምነት ቢኖርዎት! ይኼን ሳስታውስ እስከ አሁን ደሜ ይፈላል። እውነቱን የሚናገሩት ሴትዮ እምነት የለሽ ተባሉ፣ የሚፈርስ ግንብ ጭማቂ የሚቀዳው ሁሉ አማኝ ሆነ። እኔስ የት ነበርኩ? ዝም ብዬ ነበር። ጠበል አይደለም ብል፣ ታዲያ ምንድን ነው ሊሉኝ ነው፤ ከዚያ ቃለ ጉባኤው ሊነሣ ነው።

በነሐሴ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ ግንቡ ወረደ። ያ ሮዝ ድንጋይ፣ ጋሽ ደምለው እንዳሉት፣ ቅጠል ቅጠል ሆኖ ተገለጠ። ከላዩ የነበሩት ጥቁሮቹ ግን አንዳቸውም አልተሰነጠቁም። እንዳሉ፣ ከነጥንካሬያቸው፣ የእትዬ ዘርትሁን ቤት ላይ ወረዱ። ቤቱን የሰበሩት ጠንካሮቹ ናቸው።

በእጃችን ቆፈርን። እርሳቸው በሕይወት ነበሩ፤ ቀኝ እግራቸው ግን ከሥር ነበር። እጃቸውን ይዤ ሳወጣቸው አፈርኩ፣ ወገኖቼ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ባለድንጋዩ ሆስፒታል መጣ። ከአልጋው ግርጌ ተንበርክኮ አለቀሰ፦ «የኔ ድንጋይ ነው፣ የኔ ድንጋይ ነው፣ የኔ ድንጋይ ጉድ ሠራኝ!»

እትዬ ዘርትሁን እንደ ምንም ቀና አሉ። «አንተ ሰው! አሁንም ስለ ድንጋይህ ነው የምታወራው? ከሥሩ እኮ የነበርኩት እኔ ነኝ!»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎስ፣ መምህር? አያውቁም ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ይቅር ያሉን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እግራቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም።

እንግዲህ አሁን ወደ እናንተ መጣሁ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት የአገልግሎት ምድብ በር ላይ ለጠፍን። ማን የት እንደሚያገለግል ጻፍን እንጂ፣ ማን ከማን ይበልጣል ብለን ጻፍን? አንድ መስመር አሳዩኝ! እናንተ ግን ሁላችሁም ያነበባችሁት ማዕረግ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። «እኔን እዚያ?» «እኔን ከእገሌ ጋር?» «እኔን ዕቃ ቤት?» ሰለቸኝ። እውነቴን ነው፣ ሰለቸኝ!

አንተ ወንድሜ፣ ከእሳት የወጣህ ነህ፤ ቶሎ ትግላለህ፣ ቶሎ ትበርዳለህ፣ በሸክም ግን የሚችልህ የለም። ለበዓሉ ድንኳን ተካይ ብንልህ ተቀየምክ፤ የተጣላ ባልና ሚስት ካላስታረቅሁ አልክ። አስታራቂ? አንተ? ባለፈው ሁለቱንም ሰድበህ አይደል የመጣኸው?

አንቺ እህቴ፣ ዓመት ከዓመት የሰው ጭንቀት ሲነጠፍብሽ የኖርሽ፣ የሚያናግርሽ ሁሉ ቀሎት የሚሄድ፣ በሽተኛ ጠያቂ ብንልሽ ከበር አስተናባሪነት ወረድኩ ብለሽ አኮረፍሽ። በሩ ላይ ሳለሽ አንድ ሰው እንኳ ቆይ ብለሽ ታውቂያለሽ? ልብሽ ለስላሳ ነው። ስድብ አይደለም ይኼ! ለስላሳ ልብ የሚቀመጥበት ቦታ አለ፤ ጎርፉ ፊት ግን አይደለም።

ሁላችሁም ደግሞ ተለውጣችሁ እብነ በረድ መሆን ትፈልጋላችሁ። እሺ፣ ያለ ጫና የተለወጠ ድንጋይ አለ? ትንሽ ሸክም ሲመጣ ስልክ ትዘጋላችሁ፤ ትንሽ ትኩሳት ሲመጣ ደብር ትቀይራላችሁ። ታዲያ በምን ትለወጡ?

የምንናደደው ስለ ስማችን ነው፤ ፊታችን ወደ መንገድ ዞሮ ስማችን እንዲነበብ። ከሥር ማን እንዳለ ግን ማን ጠየቀ? እኔ ልንገራችሁ። ጋሽ አምደ ሚካኤል አሉ። ለሠላሳ ዓመት የዚህችን ቤተ ክርስቲያን ደወል የደወሉ፣ አሁን ከአልጋ የማይነሡ። የጠያቂ ፈረቃ ወጥቶላቸው ነበር። ፈረቃው የደረሰው ሁሉ በምድቡ አኩርፎ ቀረ፤ እርሱ ይሄዳል፣ እርሷ ትሄዳለች ተባባላችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደጃቸውን የረገጠ የለም። ትናንት ስሄድ ጎረቤት ያስቀመጠላቸው ውሃ እንኳ አልቆባቸው፣ ከንፈራቸው ደርቆ አገኘኋቸው። «መምህር፣ ሰው ሁሉ ደኅና ነው?» አሉኝ። አንድ መጥፎ ነገር የደረሰባችሁ መስሏቸው ስለ እናንተ ሲጨነቁ ነው የሰነበቱት።

ምን ልበላቸው? ደኅና ናቸው፣ ስለ ወንበር ተጣልተው ነው ልበላቸው?

ዛሬ ዝም አልልም፤ አንድ ጊዜ ዝም ብዬ የሰው እግር ተጎድቷል። እዚህ ንግግሬን እጨርሳለሁ፤ ከዚህ ወጥቼ የምሄደው ጋሽ አምደ ሚካኤል ቤት ነው። ዝርዝሩ ላይ ስማችሁ ያለ ተከተሉኝ። የተቀየማችሁም ተከተሉኝ። ቤታቸው ሩቅ ነው፤ መንገድ ላይ ታኮርፋላችሁ።