የማን ክረምት?

ወገኖቼ፣ «ክረምት» የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ እል ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠራው የኖርሁት ቃል ነውና ልመረምረው አላሰብሁም። ለካ አላውቀውም ኖሯል።

በደብረ ብርሃን በጓሮው አበባ የሚተክል አንድ ሰው ነበረ። የሚስቱ የይርገዱ ታናሽ እህት ከባሕር ማዶ ለጥየቃ ስትመጣ ካሜሊያ የምትባል ችግኝ አመጣችላቸው፤ ቅጠሏ የሚያብረቀርቅ፣ የሻይ ተክል የሥጋ ዘመድ። «እትዬ፣ ታገሧት» አለች። «በክረምት ነው የምታብበው።» ይህን ብላ ወደ መጣችበት ተመለሰች።

ተከሏት። ሐምሌ ዘነበ፤ አላበበችም። ነሐሴ ዘነበ፤ አላበበችም። በሚቀጥለው ዓመት እንቡጥ ያዘች፤ እንደ ሽምብራ ጠጣር፣ አረንጓዴ፣ ዝም ያለ እንቡጥ። ሐምሌና ነሐሴ ግን እንደ አምናው አለፉ።

ጎረቤቱ ወንዳፍራሽ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ፣ «አንተ! እቺ ተክልህ ሱባዔ ገብታለች እንዴ? ጎመን ብትተክል ኖሮ እስካሁን በልተህ ነበር!» ይለዋል።

መስቀል ሲቃረብ ሰውየው መጥረቢያውን አነሣ። «ሁለት ክረምት ጠበቅኋት። በቃ፣ ለደመራ ትሁን።»

«እንቡጥ ይዛለች እኮ!» አለች ይርገዱ። «እባክህ፣ እህቴ ጋ ልደውልና ልጠይቃት።»

«ምኑን ነው የምትጠይቂያት? ክረምት ክረምት ነው!»

ክረምት ክረምት ነው! ሰማችሁ? አለማወቅ ብቻውን ሲመጣ ያሳዝናል፤ እርግጠኝነትን ተደግፎ ሲመጣ ግን መጥረቢያ ይይዛል።

ቆረጣት።

ይርገዱ ከመሬት አንዲት እንቡጥ አንሥታ በጥፍሯ ሰነጠቀቻት። ውስጧ ቀይ ነበር። አበባው ተጣጥፎ፣ ተጠቅልሎ፣ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ያን ጊዜ ደወለች። «ወይኔ እትዬ!» አለች እህቷ። «የዚህ አገር ክረምት እኮ ብርዱ ነው! የእናንተ ኅዳር፣ የእናንተ ታኅሣሥ። አምና ሥር እየሰደደች ነበር፤ ዘንድሮ ውርጩ ሲወርድ ታብብላችሁ ነበር።»

የማን ክረምት? ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አንዲት ቃል! አንዲት ጥያቄ!

እናንተስ? በሰው ዛፍ እየተደነቃችሁ ራሳችሁን የምትነቀንቁት እናንተስ? በሥርዓት ድራችሁ ምራት አድርጋችሁ ያመጣችኋትን ልጅ ባለፈው ሳምንት በዚህ አጥቢያ ተቀምጣችሁ፣ «ሁለት ክረምት አለፈ፣ አልወለደችም» ብላችሁ ፈረዳችሁባት። የማንን ክረምት ነው የቆጠራችሁት? በሰው ማኅፀን ላይ ወቅት ቆጣሪ አድርጎ የሾማችሁ ማን ነው? ደግሞስ አበባዋ ልጅ ብቻ መሆኑን ማን ነገራችሁ? ይህን ያህል ጢም የሸበተበት ሸንጎ ተሰብስቦ፣ «እስቲ እሷን እንጠይቃት» ያለ አንድ አፍ ጠፋ! ከዚያ ተነሥታችሁ መጥታችሁ እዚህ ሰገዳችሁ። ስግደታችሁን ያየ አምላክ ፍርዳችሁን ያላየ መሰላችሁ?

ያ ሰው እንኳ ጥፋቱን ባወቀ ጊዜ ጉቶዋን አልነቀለም። «ከሥሯ ታቆጠቁጥ ይሆናል» ብሎ በእሾህ አጠራት።

እናንተ የልጅቱን ሻንጣ አውጥታችሁ ከበር ውጭ አስቀመጣችሁት። ዝናብ ሲመታው አደረ።