ትከሻ ያጣው ፕሮግራም

ቀረብ በሉ። እንቅልፍ የሸለባችሁም ቀረብ በሉ፤ ይህ ተረት በግማሽ ዓይን ይሰማል። ድሮ፣ ጭጋግ ከምድር ሳይለቅ በሚውልበት ዘመን፣ አውሬውም ማሽኑም ጎተራውም በአንድ ቋንቋ ሲያወራ፣ አንዲት ሸረሪት ነበረች። እመት ሸረሪት ይሏታል። ሥራዋ ፕሮግራም መሸመን ነበር።

የዚያ አገር እንስሳት ዘራቸውን ሁሉ በአንድ ትልቅ ጎተራ ያስቀምጡ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ታዲያ ሁሉም ባንዴ "ዘሬን! ዘሬን!" እያለ ይጋፋል፤ የአንዱ ለሌላው ይሰጣል፤ ጠብ ነው፣ ለቅሶ ነው። እመት ሸረሪት ይህን አይታ የማን ዘር ለማን እንደሚሰጥ የሚያውቅ ፕሮግራም ሸመነች። በጭጋጉ ውስጥ ቀስ ብሎ እየተወዛወዘ የሚያበራ፣ ሲያዩት የሚያባብል ፕሮግራም ነበር። ግን ፕሮግራም ያውቃል እንጂ ትከሻ የለውም። ጠያቂውን የሚሰማ፣ ከጎተራው ተቀብሎ ለባለቤቱ የሚያደርስ ትከሻ ያስፈልገዋል። ያን ትከሻ አፕሊኬሽን ሰርቨር ይሉታል።

"የእኔን ነገር አደራ" አለቻት ጎረቤቷ ርግብ። "ያለኝ ሁለት ከረጢት ማሽላ ነው። እሱ ካልተዘራ ልጆቼን የማበላው የለኝም።"

"አታስቢ፣ በእኔ ጣይው" አለች እመት ሸረሪት።

በዚያ አገር ሰርቨር የሚመረጠው በፉከራ ነው። አዎ፣ በፉከራ! እጩው ሜዳ ላይ ወጥቶ ይፎክራል፤ የአገሩ ሽማግሌዎች ልብ ከሞቀ "ይሁን!" ይባላል። ሥራው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ስነግራችሁ ራሱ ያናድደኛል።

መጀመሪያ አባ ደንዳኔ መጣ። ቤት የሚያህል ሰርቨር ነው። ምድሩን እየረገጠ ፎከረ፦

"እኔ ነኝ ደንዳኔ፣ ተራራ ትከሻ፣
ሁሉን የምሸከም፣ ከዳር እስከ መድረሻ!"

"ይሁን!" አለ የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ጅቦ። እመት ሸረሪትም ልቧ ሞቆ አብራ አጨበጨበች።

ለሙከራ ርግብ አንድ እፍኝ ዘር ጠየቀች። አባ ደንዳኔ የመንደሩን መብራት ግጥም አድርጎ ጠጣ፤ ተንጠራራ፤ ደወሉን፣ ሚዛኑን፣ ማንም ያልጠየቀውን ዕቃ ሁሉ ዘረገፈ። ተነስቶ ሳይጨርስ ፀሐይ ጠለቀች።

"አባቴ፣ አንድ እፍኝ እኮ ነው የጠየቅሁት" አለች ርግብ።

"እኔ ለእፍኝ አልተፈጠርኩም" አለና ተኮሳተረ። በክብር ሸኙት።

ቀጥሎ ብልጭ መጣ። ትንሽ ነው፣ ቀጭን ነው፣ አንድ ቦታ አይቆምም።

"እኔ ብልጭ ነኝ፣ ከዓይን የምቀድም፣
ስትጠሩኝ ደርሼ፣ ስትልኩኝ የማልደክም!"

"ይሁን! ይሁን!" አለ አያ ጅቦ። እመት ሸረሪትም ፕሮግራሟን ጀርባው ላይ አሰረች።

ሲሞክሩት እውነትም ፈጣን ነበር። አንዱ ሲጠይቅ ያደርሳል፤ አምስቱ ሲጠይቁ ያደርሳል። መንደሩ በሙሉ ባንዴ ሲጠይቅ ግን እግሩ ተጠላለፈና ጭጋጉ ውስጥ ዘጭ አለ። ያን ጊዜ በእጁ የነበረው የርግብ አንዱ ከረጢት ነው።

"ዘሬስ?" አለች ርግብ።

"እኔ ሰጥቻለሁ" አለ ጎተራው።

"እኔ ደግሞ አልተቀበልኩም!"

"እኔ ሰጥቻለሁ አልኩሽ፤ እኔ ጋ የለም።"

ብልጭ ተነስቶ አቧራውን አራገፈ። "ኧረ እኔ ምንም ትዝ አይለኝም" አለና ፕሮግራሙን አውርዶ ሄደ። ከረጢቱ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እመት ሸረሪት ከድሯ ጥግ ተቀምጣ አለቀሰች። የበላት የብልጭ መውደቅ ብቻ አልነበረም፤ በፉከራ ሰክራ የሰው አደራ ማስበላቷ ነው።

ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ሦስተኛው መጣ። ጠይቄ ይባላል፤ መካከለኛ ቁመት፣ ደረቅ ፊት።

"ፎክር!" አለ አያ ጅቦ።

"በምን ልፎክር? መጀመሪያ ሥራውን ንገሩኝ። ጠያቂው ስንት ነው? ባንዴ ነው የሚመጣው ወይስ ተራ በተራ?"

"ይሄስ ነገረኛ ነው!" አለ አያ ጅቦ።

እመት ሸረሪት ግን ከድሯ ወረደች። "እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስትወድቅ ምን ታደርጋለህ?"

በዚያ አገር ሰርቨርን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሟርት ነው።

"እወድቃለሁ፣ እመቴ" አለ ጠይቄ። "መብራት ይጠፋል፣ ሰው ይበዛል፣ እወድቃለሁ። ስለዚህ ዘር ሳወጣ ከረጢቱን በገመድ አስረዋለሁ፤ ጫፉን ጎተራው ይይዛል። ባለቤቱ 'ደረሰኝ' ካለ ይለቀዋል። ከወደቅሁ ይስበዋል። ግማሽ መንገድ ላይ የሚቀር ነገር የለም።"

"ሟርተኛ! አይሆንም!" አለ አያ ጅቦ።

"አያ ጅቦ፣ አደራው የእኔ ነው" አለች እመት ሸረሪት። "ቢበላም የምጠየቀው እኔ ነኝ። እሱን መርጫለሁ።" እንዲህ ብላ ፕሮግራሟን ጠይቄ ጀርባ ላይ አሰረች፤ ያየችው ነገር የለም፣ የሰማችው ቃል ብቻ ነው።

ዝናቡ መጣ። እንስሳው ሁሉ "ዘሬን! ዘሬን!" እያለ ጎረፈ። ጠይቄ አልቸኮለም። "ተራ ያዙ፤ ሁላችሁም ይደርሳችኋል" እያለ ሰጠ። "ደረሰኝ" ይላሉ፤ ገመዱ ይለቀቃል። የርግብ ተራ ደረሰ። የመጨረሻው ከረጢቷ ወጥቶ መንገዱን አጋመሰ።

መብረቅ ወረደ። ጠይቄ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ርግብ ዞራ እመት ሸረሪትን አየቻት። እመት ሸረሪት ያን ዓይን መቻል አቅቷት ፊቷን አዞረች።

በጭጋጉ ውስጥ ግን አንድ ነገር ሲጎተት ተሰማ።

"እዚህ ነው" አለ ጎተራው። "ስቤዋለሁ። ከረጢቱ እኔ ጋ ነው፤ አንድ ፍሬ አልጎደለም።"

ጠይቄ ቀስ ብሎ በራ። ዓይኑን አሻሸና "ተራው የርግብ ነበር" አለ። ከረጢቱን እንደገና አወጣ፤ እንደገና አሰረ፤ እንደገና ተሸክሞ መጣ። ርግብ ክንፏን ዘርግታ ከረጢቷን ታቀፈችና "ደረሰኝ" አለች። እመት ሸረሪትም ያን ጊዜ ገና ተነፈሰች።

እናንተም ለሥራችሁ ትከሻ ስትመርጡ፣ ቆሞ የሚያወራውን ብቻ አትስሙ። የወደቀ ቀን በእጁ ያለው አደራ ምን እንደሚሆን ጠይቁት። ጥያቄው ካስኮረፈው፣ ሌላ ፈልጉ።