በመላጊያው እጀታ ላይ የነበረው ጎድጓዳ

አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ልሳነወርቅ ይባላል። አምስቱን ቀን ከወረቀት ጋር ሲታገል ይሰነብትና ቅዳሜ ሲደርስ ማንም የማይፈልጋቸውን የዛጉ የእጅ መሣሪያዎች ከቆራሌው በርካሽ ይገዛል። መሮውንና መጋዙን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክሮ ዝገቱን ያራግፋል፤ ስለቱን በድንጋይ ይስላል፤ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቫርኒሽ ይቀባል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ደርድሮ ሲያያቸው ደስ ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ክፉ ሥራ አልነበረም። ቅዳሜውን ከዚህ በባሰ ነገር የሚያሳልፍ ስንት ሰው አለ።

አንድ እሑድ ስንዱ የምትባል ሴት በሩን አንኳኳች። አባቷ ጋሽ ዘርጋው አርባ ዓመት የሠሩ አናጺ ናቸው። ዓይናቸው ጠፍቶ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ፣ ከእንግዲህማ አይሠሩም ብላ ዕቃቸውን ሁሉ ለቆራሌው ሰጠች። እሳቸው ግን ቤት እንደገቡ መጀመሪያ የጠየቁት የእንጨት መላጊያቸውን ነው። እጄ ያውቀዋል፣ ዓይን አያስፈልገኝም አሉ። እንደሌለ ከተነገራቸው ወዲህ ከአልጋ የሚነሡት በልመና ሆነ። መላጊያውን ማን እንደገዛው የነገራት ቆራሌው ራሱ ነው።

ልሳነወርቅ አላመነታም። ከግድግዳው አውርዶ አብሯት ሄደ። እንዲህ አምሮበት ሲያገኙት ምንኛ ይደሰቱ ይሆን እያለ ነበር የሚራመደው።

ሽማግሌው ተቀበሉት። ስለቱን በጥፍራቸው ሞከሩና መረቁት። ከዚያ እጀታውን ጨበጡ፤ አውራ ጣታቸው አንድ ነገር ሲፈልግ ቆየ።

«ስለቱ ግሩም ነው፤ እጅህ ይባረክ» አሉ። «ግን የእኔ አይደለም። የእኔው እጀታ ላይ አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ጎድጓዳ አለ። ስሠራ ስሠራ የጎደጎደ ነው።»

ልሳነወርቅ ደነገጠ። ያንን ጎድጓዳ ያውቀዋል። በሙጫና በሰጋቱራ ሞልቶ፣ ልሙጥ እስኪሆን የፋቀው እሱ ነው። ሌላ ቦታ እፈልግልዎታለሁ ብሎ መውጣት ይችል ነበር፤ ማን ያውቅበታል? አላደረገውም።

«አባባ፣ የእርስዎ ነው» አለ። «የደፈንኩት እኔ ነኝ። ብልሽት መስሎኝ።»

ስንዱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ዝገቱን ማንሣትህ ደግ አደረግህ» አሉ ጋሽ ዘርጋው። «ዝገት የሚወጣው ተጥሎ የከረመ ዕቃ ላይ ነው። ጎድጓዳው ግን የተሠራበት ምልክት ነው። ሁለቱን ሳትለይ ነው የፋቅኸው፣ ልጄ። እንደገና ላጎድጉደው ብል ሌላ አርባ ዓመት የለኝም።»

መላጊያውን አልመለሱም፤ አልሠሩበትምም። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ልሙጡን እጀታ በአውራ ጣታቸው ሲያሹት ይውሉ ነበር ይባላል።

ልሳነወርቅ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ዝገት ያነሣል። ብርጭቆ ወረቀቱን ከመያዙ በፊት ግን ዓይኑን ጨፍኖ እጀታውን ይጨብጣል።

ማደስ መልካም ነው፤ ሰውንም ቢሆን ማረም መልካም ነው። ዳሩ ግን ያረጀ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። በእናት በአባታችን፣ በትዳር ጓደኛችን ላይ እንከን ብለን የምንፍቀው ነገር፣ ሲደክሙ የኖሩበት ምልክት ሊሆን ይችላል። የተፋቀ ደግሞ በይቅርታ አይመለስም። እርስዎስ አሁን ሊፍቁት በእጅዎ የያዙት የማንን ጎድጓዳ ነው?